«ሞተ» ወይስ «ይሞታል»? የእንግሊዝኛ አርእስተ ዜና ያለፈውን በአሁን ጊዜ የመናገሩ ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ማስታወቂያውን ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼም «ይህ የቋንቋ ክፍሉ ሥራ አይደለም ወይ?» ብለውኛል። በከፊል ነው። ነገር ግን በእኛ ትምህርት ክፍል ስለ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ጋዜጣን በምንጭነት የማይጠቅስ ጥቂት ነው። ከሚጠቀሱት መካከል የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ብዙ ናቸው፤ ከጋዜጣው ደግሞ ተማሪው ቶሎ የሚያነሣው አርእስተ ዜናውን ነው። ስለዚህ አርእስተ ዜና በምን ጊዜ እንደሚናገር ማወቅ የታሪክ ሰው ግዴታ ይሆናል።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ የታወቀ ሰው ትናንት ቢሞት፣ በእንግሊዝኛው ጋዜጣ የዜና ዝርዝር ውስጥ የምናገኘው ግስ ኀላፊ ነው፤ «ዳይድ»፣ ሞተ ይላል። ከዚያው ዜና በላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ግን «ዳይስ» ነው። ሟቹም ሞቱም ጋዜጣውም አንድ ሆነው ሳለ የግሱ ጊዜ ሁለት ይሆናል። የእንግሊዝኛው አንባቢ በዚህ አይደናገርም፤ ልማዱን ከልጅነቱ አብሮት ያደገ ስለሆነ ልብም አይለው። የሚደናገረው ከውጭ የሚመጣው አንባቢ ነው። እኛ ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እገሌ ይሞታል» ይወጣል። ይህን በአዲስ ዘመን ፊት ገጽ ላይ ያነበበ ሰው ለቀብር ከመነሣቱ በፊት «ማን ነገራቸው?» ማለቱ አይቀርም። (ሳቅ) የቀደሙት የሰዋስው መምህሮቻችን ይህን የግስ ቅርጽ «ትንቢት» ብለው የጠሩት በከንቱ አይደለም። ወደዚህ ስም ኋላ እመለሳለሁ።

ለጥያቄው ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፣ የአሁን ጊዜ ድርጊቱን ሕያው ያደርገዋል፤ አንባቢው ነገሩ በዓይኑ ፊት እየሆነ ያለ ይመስለዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በጋዜጣ ላይ ቦታ ውድ ስለሆነ አጭሩ ቅርጽ ተመረጠ የሚል ነው። ሁለቱም የእውነት ቁራሽ አላቸው። ሁለቱም ግን ብቻቸውን አይቆሙም።

ከሁለተኛው ልጀምር። በእርሳስ ፊደል ዘመን የአሜሪካ ጋዜጦች አርታኢ ርእስ ሲጽፍ ፊደል ይቆጥር ነበር። ተራው ፊደል አንድ ሆኖ ሲታሰብ፣ ሰፊዎቹ «ኤም» እና «ደብሊው» አንድ ተኩል፣ ቀጫጭኖቹ «አይ» እና «ኤል» ግማሽ ተብለው ይታሰቡ ነበር። ከዓምዱ ስፋት ያለፈ ርእስ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል፤ ብረትና እርሳስ ይለጠጥ ዘንድ አይለመንም። እንዲህ ባለ ሥራ «ኪልስ» (ይገድላል) በአምስት ፊደል ሲጻፍ «ኪልድ» (ገደለ) ስድስት መፈለጉ በእርግጥ ልዩነት አለው። ነገር ግን «ዎን» (አሸነፈ) በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ የአሁን ጊዜው «ዊንስ» አራት ይፈልጋል። «ሜት» (ተገናኘ) ሦስት ነው፤ የአሁን ጊዜው «ሚትስ» አምስት ነው። «ዳይድ» እና «ዳይስ» እኩል አራት አራት ናቸው። ቦታ ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አርታኢው አንዱን በኀላፊ ሌላውን በአሁን ጊዜ እየለዋወጠ በጻፈ ነበር። እንዲያ አላደረገም።

የሕያውነቱ መልስ የበለጠ ዕድሜ አለው። በግሪክና በላቲን ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያለፈን ድርጊት በአሁን ጊዜ መተረክ የታወቀ ስልት ነው፤ ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው የሰዋስው ፍልስፍና መጽሐፉ ድራማዊ የአሁን ጊዜ ብሎ መጥራትን መርጧል። እኛም ዘንድ አለ። «ትናንት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንዱ ይመጣና ትከሻዬን ይይዘኛል» ብሎ የሚተርክ ሰው የአማርኛን ሕግ አልጣሰም፤ ጥሩ ተራኪ ነው። ታዲያ ይህ ስልት በትረካ መካከል፣ ነገሩ ሲጋል የሚመጣ ነው። አርእስተ ዜና ግን አይተርክም። የበጀት መጽደቅንም፣ የአንድ ባለሥልጣን መሾምንም፣ የስንዴ ዋጋ መጨመርንም በዚያው በአሁን ጊዜ ይናገራል። በጀት ሲጸድቅ ልቡ የሚመታ አንባቢ ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ከጥንት አንድ ምሳሌ ይጠቅመናል። ዜኖፎን «አናባሲስ» የተባለውን ድርሰቱን የሚከፍተው በአሁን ጊዜ ግስ ነው። ነገሩ ጦርነት ወይም ሽሽት አይደለም፤ ዳርዮስና ፓሪሳቲስ ሁለት ወንዶች ልጆች እንደ ወለዱ ነው የሚናገረው። ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ግሱ የአሁን ጊዜ የሆነው እንደ መዝገብ ስለሚናገር ነው። በአውሮፓ የዘመን ሠንጠረዦች ላይም እንዲሁ ነው፤ በግራ ዓመቱ ይጻፋል፣ በቀኝ «ኖርማኖች እንግሊዝን ይወርራሉ» ይባላል። ቀኑ ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ፣ በራሱ ቦታ ተቀምጧል። ግሱ የጊዜን ሸክም እንዲሸከም አይጠየቅም። የእኔ ሐሳብ የአርእስተ ዜና የአሁን ጊዜ ከተራኪው ይልቅ ለዚህ መዝገብ ይቀርባል የሚል ነው። ለዚህም የጋዜጣው ገጽ ታሪክ ይመሰክራል።

የጥንቶቹ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች በዛሬው ትርጉም አርእስተ ዜና አልነበራቸውም። ከዜናው በላይ የሚጻፈው የመጣበት ከተማና ቀን ነበር፤ ወይም «ከውጭ አገር የተገኘ ወሬ» የሚል መለያ። ዜና ከድርጊቱ ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል። በአሜሪካና በብሪታንያ መካከል ጦርነቱን ያቆመው ውል በጌንት ከተማ የተፈረመው ዲሴምበር 24 ቀን 1814 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የኒው ኦርሊንስ ውጊያ የተደረገው ግን ወሬው ውቅያኖሱን ሳይሻገር፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1815 ነው። እንዲህ ባለ ዓለም ጋዜጣ ድርጊትን ዛሬ እየሆነ እንዳለ አድርጎ ቢናገር ማንም አያምነውም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወሬው የመቼ ነው?» የሚለው ነው።

ይህን የለወጠው ቴሌግራፍ ነው። ሞርስ እ.ኤ.አ. በሜይ 1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት አስተላለፈ፤ በ1866 ደግሞ አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኘው የባሕር ሥር ገመድ በዘላቂነት መሥራት ጀመረ። ነገር ግን ፈጣን ወሬ መኖሩ ብቻ ርእሱን ወዲያው አልለወጠውም። መኪናው ይዞት ነበር። ሪቻርድ ሆ በ1847 ያቀረበው የማተሚያ መኪና ፊደሉን የሚያስረው በሚሽከረከር በርሜል ላይ ነው፤ ፊደሉ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ አጥብቀው የሚይዙት ዓምድን ከዓምድ የሚለዩት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ርእስ ከአንድ ዓምድ አልፎ ልዘርጋ ቢል መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ርእሱ ወደ ጎን መስፋት ቢያቅተው ወደ ታች ወረደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በአንድ ጠባብ ዓምድ ራስ ላይ ሰባትና ስምንት ርእሶች ተደራርበው ይታያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ ብላችሁ እንድታዩልኝ የምፈልገው የኒው ዮርክ ታይምስን የኤፕሪል 15 ቀን 1865 ዕትም ነው። ሊንከን በተተኮሰባቸው ማግስት የወጣ ነው። ከላይ «አሠቃቂ ድርጊት» ይላል። ቀጥሎ «ፕሬዚዳንት ሊንከን በነፍሰ ገዳይ ተተኮሰባቸው»። ከዚያ «ድርጊቱ የተፈጸመው ትናንት ማታ በፎርድ ቲያትር ነው»። ዝቅ ብሎ «እስከ መጨረሻው ወሬ ድረስ ፕሬዚዳንቱ በሕይወት አሉ»። ከእርሱም ሥር የመዳን ተስፋቸው የተቆረጠ መሆኑ ተጽፏል። በእንግሊዝኛው በእነዚህ መስመሮች ውስጥ አንድም ሙሉ ማሰሪያ ግስ የለም፤ ሁሉም ስሞች ወይም «የተደረገ»፣ «የተተኮሰ» ዓይነት ቅጽሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ «ትናንት ማታ» የሚለው በርእሱ ውስጥ ቦታ አለው። ሦስተኛውን እጅግ አከብረዋለሁ፤ «እስከ መጨረሻው ወሬ ድረስ» የሚለው የዕውቀቱን ወሰን በርእሱ ላይ ያስቀምጣል። ሊንከን ያረፉት በዚያው ዕለት ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፤ ጋዜጣው ግን አልዋሸም። እስከ ምን ድረስ እንደሚያውቅ ተናግሯል።

አሁን ከዚህ ወደ ኤፕሪል 16 ቀን 1912 እንሻገር። ጋዜጣው ያው ኒው ዮርክ ታይምስ ነው። በመካከሉ ገጹን ሁሉ በአንድ ወጥ የብረት ሰሌዳ የማተም ዘዴ ተስፋፍቷል፣ የዓምዱ መስመር መቆረጡ ችግር መሆኑ ቀርቷል፣ በ1890ዎቹም የፑሊትዘርና የኸርስት ጋዜጦች በኒው ዮርክ ገበያ ሲፎካከሩ ርእሱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ዘርግተውታል። የታይምስ ርእስ የሚጀምረው «ታይታኒክ ሲንክስ» ብሎ ነው። መርከቢቱ የሰጠመችው በፊተኛው ቀን ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ከ20 ነው፤ አንባቢው ጋዜጣውን ሲገዛ ከአንድ ቀን በላይ አልፏል። ርእሱ ይቀጥልና የበረዶ ተራራውን ከመታች ከአራት ሰዓት በኋላ መሆኑን፣ 866 ሰዎች በካርፓቲያ መትረፋቸውን፣ ምናልባትም 1,250 እንደ ጠፉ ይናገራል። «ትናንት» የሚል ቃል ግን የለበትም። ሊኖርም አይችልም፤ በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ግስና «ትናንት» በአንድ ዐረፍተ ነገር አብረው አይቀመጡም። አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት።

በእኔ ግምት የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ነው። በ1865 የርእሱ መስመሮች ሥራ ተከፋፍለው ነበር፤ አንዱ ድርጊቱን፣ አንዱ ቦታውንና ሰዓቱን፣ አንዱ የወሬውን ጽናት ይይዛል። ያ ክምር ወደ አንድ ሰፊ ዐረፍተ ነገር ሲጠቀለል ቀኑ ከርእሱ ወጥቶ ወደ ገጹ አናትና ወደ ዜናው የመጀመሪያ መስመር ሄደ። ከቀን የተላቀቀው ግስ የመዝገቡን ቅርጽ ያዘ። አዲሱ ልማድም ቶሎ ትምህርት ሆነ፤ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1908፣ በኮሎምቢያ በ1912 የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በርእስህ ውስጥ ግስ አስገባ፣ ግሱም የአሁን ይሁን የሚለው መመሪያ የሙያው ሀሁ ለመሆን በቃ። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ዝግ ያለ ነበር። የለንደኑ ታይምስ እስከ ሜይ 1966 ድረስ የፊት ገጹን ለጥቃቅን ማስታወቂያ ሰጥቶ መኖሩን ስነግራችሁ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ።

ነገር ግን ቀን መውጣቱ ለምን የአሁን ጊዜ እንደ ተቻለ ያስረዳል እንጂ ለምን ግዴታ እንደ ሆነ አያስረዳም። ለዚያ ወደ እንግሊዝኛ ግስ ገመና መግባት አለብን።

እንግሊዝኛ በብዙ ግሶቹ ኀላፊ ጊዜውንና ተገብሮ ቅጽሉን በአንድ ቅርጽ ይጽፋል። «ሬብልስ አታክድ» የሚሉ ሁለት ቃላት በርእስ ላይ አየን እንበል። አማፅያን አጠቁ ነው ወይስ አማፅያን ተጠቁ? በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ረዳት ግሱ ይለየዋል፤ በርእስ ላይ ግን ረዳት ግስ ለቦታ ሲባል የመጀመሪያው ተወርዋሪ ነው። ረዳቱ ሲወድቅ አጥቂውና ተጠቂው አንድ ይሆናሉ። በጦርነት ዜና ይህ የፊደል ስሕተት ያህል ቀላል አይደለም። መፍትሔው በልማድ ተገኘ፤ ያ ሁለት ፊት ያለው ቅርጽ ለተገብሮ ብቻ ተሰጠ፣ ለገቢሩ የአሁን ጊዜ ተመደበ፣ ገና ለሚመጣው ደግሞ «ቱ» የምትል ትንሽ ቃል ከግሱ ፊት ቆመች። ያለፈ፣ የተደረገበት፣ የሚመጣ፤ ሦስቱም ያለ ረዳት ግስ ተለዩ። ስዊዘርላንዳዊው ሃይንሪክ ሽትራውማን በ1935 ስለ ጋዜጣ ርእሶች ባሳተመው ጥናት ይህን የመሰለውን አነጋገር ከተራው ቋንቋ የተለየ፣ እንደ ቴሌግራምና እንደ ሱቅ ሰሌዳ በብሎክ የሚደረደር ቋንቋ አድርጎ ገልጾታል። የራሱ ሰዋስው አለው። በዚያ ሰዋስው ውስጥ «የአሁን ጊዜ» የምንለው ቅርጽ ዋጋው ኀላፊ ነው።

የኖቬምበር 23 ቀን 1963ን የኒው ዮርክ ታይምስ ርእስ ተመልከቱ። ኬኔዲ በዳላስ በመኪና «ሲጓዙ» በአልሞ ተኳሽ መገደላቸውን፣ ጆንሰንም በአውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ መፈጸማቸውን ይናገራል። በእንግሊዝኛው መገደሉ በአሁን ጊዜ ነው፣ በመኪና መጓዙም በአሁን ጊዜ ነው፤ የጆንሰን መሐላ ግን ረዳት ግሱ ተቆርጦ በቅጽል ብቻ ቀርቧል። አንድ ርእስ ሁለቱን ቅርጾች ጎን ለጎን ይዟል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ተገደሉ» ብለን እንዘጋለን፤ «ሲጓዙ» የምትለዋ «ሲ» የራሷ ጊዜ የላትም፣ ጊዜዋን ከማሰሪያው ግስ ትበደራለች። በነገራችን ላይ የአማርኛ ጋዜጣ ከፎቶግራፍ ሥር የሚጽፈው በዚህችው «ሲ» ነው፤ «ንግግር ሲያደርጉ»፣ «መሠረት ሲጥሉ»፤ ማሰሪያ ግሱ ጭራሽ አይጻፍም። ለመዝገብ የሚሆን ቅርጽ እኛም አለን ማለት ነው፤ ያኖርነው ግን በሥዕል ሥር ነው።

ታዲያ አርእስተ ዜናችን ለምን እንግሊዝኛውን አልተከተለም? ጋዜጣን ከነመኪናው፣ ከነዓምዱ፣ ከነፊት ገጹ ተቀብለናል። ብርሃንና ሰላም ከ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትመዋል፤ ከ1935 ዓ.ም. ወዲህም አዲስ ዘመንና የእንግሊዝኛው ኢትዮጵያን ሄራልድ ጎን ለጎን ኖረዋል። አንድ ጋዜጠኛ ከአንድ ጉባኤ ተመልሶ በአንዱ ጋዜጣ «ተከፈተ»፣ ባልደረባው በሌላው «ኦፕንስ» ብለው ይጽፋሉ። ተከፈተ፣ ተመረቀ፣ ጎበኙ፣ ተሾሙ፣ አረፉ፤ የአማርኛ አርእስተ ዜና ግሶች ለጆሯችን እንደ ውዳሴ የለመዱ ናቸው፣ ሁሉም ኀላፊ።

ምክንያቱን ከላይ ካልኩት መረዳት ይቻላል። አማርኛ ለመሰንዘር የሚቸኩል ርእስ ጸሐፊን አያስቸግርም። «ተሾሙ» ሦስት ፊደል ናት፤ በሦስቱ ፊደል ውስጥ ድርጊቱ፣ ተገብሮነቱ፣ ኀላፊነቱ፣ የባለቤቱ ሦስተኛ መደብነትና አክብሮቱ ወይም ብዛቱ አሉ። አጠቁና ተጠቁ በአንዲት ፊደል ተለይተዋል፤ የሚቆረጥ ረዳት ግስ ስለሌለ የሚምታታም ነገር የለም። ለቦታም ቢሆን ፊደል ለቃሚው የሚጠቀመው በኀላፊው ነው፤ «ሞተ» ሁለት፣ «ይሞታል» አራት። እንግሊዝኛ ወደ አሁን ጊዜ የተገፋበት ችግር እኛ ቤት አልደረሰም።

«ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ ነው» የሚል መልስም እሰማለሁ። አይደለም። ዐረብኛም ሴማዊ ነው፤ ዘመናዊ የዐረብኛ ጋዜጦች ግን ፕሬዚዳንቱ ትናንት እንግዳ ተቀብለው እንደሆነ ርእሱን «ፕሬዚዳንቱ ይቀበላል» በሚል ቅርጽ ይጽፉታል። ለምን ተቻላቸው? ዐረብኛ ለሚመጣው ጊዜ «ሰ» ወይም «ሰውፈ» የሚል ምልክት ከግሱ ፊት ያቆማል፤ ምልክት የሌለው ግስ ለሚመጣው አይሆንም ብሎ አንባቢው ሊያርፍ ይችላል። የእኛ «ይቀበላል» ግን ሁልጊዜ የሚያደርገውንም ነገ የሚያደርገውንም በአንድነት ይይዛል። «ጉባኤው ይካሄዳል» የሚል ርእስ ያየ ሰው ቀኑን ይፈልጋል እንጂ ያለፈ አይመስለውም። መምህሮቻችን «ትንቢት» ያሉት ቅርጽ በርእስ ላይም ትንቢት ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ለምርምር ሥራችን ምን ይለውጣል? አንድ ምሳሌ ከዘመናችን ታሪክ ልውሰድ። የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከወልወል ግጭት ጀምሮ ግን የአውሮፓ ጋዜጦች ለወራት ስለሚመጣው ወረራ ሲጽፉ ቆይተዋል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝኛ ርእስ «ኢታሊ ኢንቬድስ» ዓይነት ቅርጽ ይዞ ቢገኝና ተማሪው «ጣልያን ትወርራለች» ብሎ ቢተረጉመው፣ የተፈጸመ ወረራ ዜና ወደ ማስጠንቀቂያነት ይለወጣል። የለንደን አንባቢ ምን፣ መቼ ያውቅ ነበር የሚለው ክርክር በአንድ ግስ ይዛባል። ያ የትንቢት ርእስ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝኛው «ቱ» የምትለዋ ቃል ከግሱ ፊት በኖረች ነበር። በዚህ ላይ የዜናው መስመር የሚይዘው ቀንና የጋዜጣው ቀን አንድ እንዳልሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ቴሌግራም ለንደን በማግስቱ እንደሚታተም ጨምሩበት።

ሌላው የታወቀው ጉዳይ የቺካጎ ትሪቢውን ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 1948 «ዱዊ ዲፊትስ ትሩማን»፣ ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ፣ ብሎ ወጣ። የፊደል ለቃሚዎች አድማ ስለ ነበር ጋዜጣው ከወትሮው ቀደም ብሎ ወደ ማተሚያ መግባት ነበረበት፤ ቆጠራው ሳይገፋ በዋሽንግተን ዘጋቢው ግምት ላይ ተመሥርቶ ታተመ። ትሩማን በ303 የመራጮች ድምፅ አሸነፉ፤ ዱዊ ያገኙት 189 ነው። ሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ላይ ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ሲስቁ የተነሡት ፎቶግራፍ ከምርጫው ይልቅ የሚታወስ ሆኗል። ስሕተቱን የፈጠረው የግሱ ጊዜ ነው አልልም። ታይታኒክ በሰጠመችበት ዕለት ማታ የኒው ዮርኩ ኢቭኒንግ ሰን ሁሉም ድነዋል ብሎ የጻፈው በቅጽል እንጂ በአሁን ጊዜ አልነበረም፤ ሐሰት በየትኛውም ቅርጽ ይጻፋል። የምለው ሌላ ነው። በሦስት ቃል የተሠራው የ1948 ርእስ «እስከ መጨረሻው ወሬ ድረስ» የሚል ነገር የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። የ1865ቱ ክምር ነበረው።

የአማርኛው ርእስ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው ብለን እንዳንኩራራ የራሱ ልማድ አለው። «የዋጋ ንረቱ መቀነሱ ተገለጸ»፤ «የመንገዱ ሥራ እየተፋጠነ ነው ተባለ»። ማሰሪያው ግስ ኀላፊ ነው፣ ሰዋስው የማይነቀፍ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የሆነው ምንድን ነው? የዋጋ መቀነስ አይደለም፤ አንድ ሰው ቀነሰ ብሎ መናገሩ ነው። ተናጋሪውን ደግሞ «ተ» ሸፍናዋለች። በርካታ ረቂቆች ላይ «በዚህ ዓመት የዋጋ ንረት እንደ ቀነሰ ጋዜጣው ዘግቧል» የሚል ዐረፍተ ነገር እያየሁ በቀይ አሠምርበታለሁ። ጋዜጣው የዘገበው መገለጹን ነው። የገለጸው ማን ነው፣ በምን ስብሰባ ላይ ነው የሚለው ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል፤ እስከዚያ ወርዶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ርእሱ ከገጹ ተነቅሎ በስልክ መስታወት ላይ ብቻውን ይዞራል። የእንግሊዝኛው የአሁን ጊዜ ሊኖር የቻለው ቀኑ በገጹ አናት ላይ ስለ ነበረ ነው ብዬ ነበር፤ ያ አናት ተቆርጧል። የሦስት ዓመት ርእስ የዛሬ ጠዋት መስሎ ይመጣል። «ተሾሙ»ም ቢሆን መቼ እንደ ተሾሙ አይናገርም፤ ያለፈ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረን። እንዲህ ያለውን የስልክ ምስል በምንጭነት አያይዘው የሚያመጡ አሉ፤ ከሙሉው ገጽ ጋር ካልተገናዘበ አልቀበልም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ በእኔ አማካሪነት የሚሠሩ ጽሑፎች ላይ የእንግሊዝኛ አርእስተ ዜና ሲጠቀስ የዜናው መስመር ቀንና የጋዜጣው ቀን ለየብቻ እንዲጻፉ፣ ሁለቱም በእኛ አቈጣጠር ጭምር እንዲቀመጡ፣ ትርጉሙም በኀላፊ ጊዜ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ተማሪው በትንቢት ሊተረጉመው የፈለገ እንደሆነ ምክንያቱን በግርጌ ማስታወሻ ያስረዳ። ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶናል።